ላም አለኝ በሰማይ

አበው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሲሉ፣ የማይጨበጥ ሀብት ይዞ የሚመጻደቀውን ሰው ማላገጣቸው ነበር። ላም ሰማይ ላይ እንደማትሰማራ፣ ብትሰማራም እንደማትታለብ ጥርጥር አልነበራቸውም። ዘመን ተለወጠና ላሟ በእውን ወጣች። ሆዷ በነዳጅ የተሞላ፣ ጡቷ ረጅም ቱቦ የሆነ ግዙፍ አውሮፕላን ከደመና በላይ ትንሳፈፋለች። ተዋጊ አውሮፕላኖች እንደ ጥጃ ከሥሯ ተጠግተው ይጠባሉ፤ ሲረኩም ወደ ሩቅ ግዳጃቸው ይበራሉ። የወታደሩ ዓለም የአየር ላይ ነዳጅ መሙያ አውሮፕላን ይላታል። እኔ ከአበው ተውሼ "የሰማይ ላም" ብላት አንባቢ ቅር እንደማይለው ተስፋ አደርጋለሁ።

በአገራችን አየር ኃይል ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለች ላም የለችም። ታዲያ ስለሌለን ነገር ምን ያጽፍሃል የሚል ይኖራል። የሚያጽፈኝ፣ ላሟ የተፈጠረችበት ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ስለነበረ ነው። ጥያቄው የርቀት ነው፤ ነዳጁ የሚያልቅበት ቦታና ጠላት ያለበት ቦታ ሳይገናኙ ሲቀሩ ምን ይደረጋል? ሀብታም አገሮች መልሱን በሰማይ ፈለጉ። እኛ በመሬት ላይ አገኘነው፤ ስሙም ድሬዳዋ ነው። የሁለቱን መልስ ዋጋ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት ደግሞ ውሎው ከገቢና ወጪ መዝገብ ጋር ለሆነ፣ እንደ እኔ ላለ የባንክ ሠራተኛ እንግዳ ሥራ አይደለም።

ስንቁን የሚበላ ስንቅ ጫኝ

ከሐረር ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርድ የነበረ የጥንት ቅፍለት ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ከጭነቱ ላይ የሚበላው ይበዛል። ነጂው ይበላል፣ ጠባቂው ይበላል፣ አጋሰሱም ይበላል። መንገዱ ያለ ልክ ቢረዝም ከተጫነው እህል ለገበያ የሚተርፍ አይኖርም። የሰማይ ላምም ከዚህ ሕግ አላመለጠችም። የምታጠባውም ሆነ የምትበርበት ነዳጅ ያው አንዱ ነውና፣ ጥጃዋን ፍለጋ በራቀች ቁጥር ወተቷ ይቀንሳል።

ጥበቡ ከተጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1923 ሎውል ስሚዝና ጆን ሪክተር የተባሉ የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች፣ ከሌላ አውሮፕላን በተንጠለጠለ ቱቦ በአየር ላይ ነዳጅ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1949 አንዲት ቦምብ ጣይ አራት ጊዜ በአየር ላይ ነዳጅ እየተቀበለች፣ አንዴም መሬት ሳትነካ፣ ዓለምን በ94 ሰዓት ዞረች። ከዚያ በኋላ ርቀት ለባለጸጋ ጦር ዋና መሰናክል መሆኑ ቀረ። የቀረው መሰናክል ወጪው ነበር።

ወጪውን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ብሪታንያ ከአርጀንቲና ጋር በፎክላንድ ደሴቶች ስትዋጋ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከአሴንሽን ደሴት አንዲት ቩልካን ቦምብ ጣይ አስነሣች። እርሷን አድርሶ ለመመለስ ቪክተር የተባሉ 11 ነዳጅ ጫኞች አብረው ተነሡ፤ እርስ በርሳቸውም ነዳጅ ይቀባበሉ ነበር። ቩልካኗ 21 ቦምቦች ጣለች፤ ከእነዚያም የማረፊያውን አስፋልት በቀጥታ የመታው አንዱ ብቻ ነበር። ወታደሮች ስለ ጥቅሙ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የወጪ መዝገቡ ግን ክርክር የለውም፤ ለአንድ አብሳይ 11 ውኃ ቀጂ ተሰልፏል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የቀረበ ጥናት ይህንኑ በዋጋ ተምኖታል። መሬት ላይ በአንድ ዶላር ገደማ የሚገዛ አንድ ጋሎን ነዳጅ፣ በአየር ላይ ለሌላ አውሮፕላን እስኪደርስ ድረስ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይፈጅ ነበር። ልዩነቱ የላሟ ቀለብ፣ የእረኞቿ ደመወዝና የጋጣዋ ኪራይ ነው።

ይግዙ ወይስ ያድሱ የሚለው ጥያቄም ለባለጸጋው ራስ ምታት ከሆነ ቆይቷል። ኬሲ-135 የተባለችው የአሜሪካ ነዳጅ ጫኝ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከ700 በላይ ተሠርተው፣ በ1980ዎቹ አዲስ ሞተር እየተገጠመላቸው፣ ብዙዎቹ አያት በበረሩባቸው የልጅ ልጅ የሚበርባቸው ሆኑ። ማደሱ በነዳጅ ቁጠባ ራሱን ከፈለ፤ እርጅናው ግን በጥገና ወጪ ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ 100 አዳዲስ አውሮፕላኖች ከቦይንግ ኩባንያ በኪራይ እንዲወሰዱ ታቀደ። መርማሪዎች ሲያሰሉት ኪራዩ ከግዢው በልጦ ተገኘ። ውሉን ስትደራደር የነበረችው ከፍተኛ ሹምም በዚያው ጊዜ ከኩባንያው ዘንድ ሥራ ስትለምን መቆየቷ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ2004 የ9 ወር እስራት ተፈረደባት። ግዢው የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2011፣ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን የተረከበችው በ2019 ነው። በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለው ቦይንግም ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ መዘገበ።

በእኛው አህጉርም ደቡብ አፍሪካ ነዳጅ ጫኝ ቦይንግ 707 አውሮፕላኖቿን እ.ኤ.አ. በ2007 በጡረታ አሰናበተች። ነዳጅ መጫንም ይችላሉ የተባሉ 8 ኤ400ኤም አውሮፕላኖችን አዝዛ ነበር፤ ዋጋቸው ሲያሻቅብ ግን በ2009 ትእዛዙን ሰረዘች። የሰማይ ላም ለገዛት ብቻ ሳይሆን ለሠራትና ላሰባትም ትከብዳለች።

የሰጪ እጅ

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ ስታርፍ አብራሪዋ ፈረንሳዊ ነበር። ንጉሥ ተፈሪ ነገሩ እንደማይዘልቅ ስለገባቸው ኢትዮጵያውያን እንዲሠለጥኑ አደረጉ፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ሆኖም ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወር አገሪቱ የነበሯት አውሮፕላኖች ጥቂት፣ ያረጁና የውጊያ አቅም የሌላቸው ነበሩ። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን በእነዚያ ላይ ሆኖ መልእክትና መድኃኒት አመላለሰ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት በጋዝ የተቃጠለ ነው።

ከነጻነት በኋላ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን መሠረት ጣለ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ተፈረመ። አሜሪካ በአስመራ የቃኘው የመገናኛ ጣቢያን ስትጠቀም፣ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ሥልጠና አገኘች። በሃያ ዓመታት ውስጥ የተገኘው ወታደራዊ ርዳታ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ኤፍ-86 መጣች፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ከድምፅ የምትፈጥነው ኤፍ-5 ገባች። መዝገቡ ላይ "ስጦታ" ተብሎ የተጻፈ ነገር ወጪ የሌለው ይመስላል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ገደሉ መታየት የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። ጎረቤት ሶማሊያ ከሶቪየት ኅብረት ሚግ-21 ስትታጠቅ ኢትዮጵያ ሚዛኑ እንደተዛባ አየች። በግንቦት 1965 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋሽንግተን ተጉዘው ዘመናዊ አውሮፕላንና ታንክ ጠየቁ፤ የጠበቁትን ግን አላገኙም። በዚያው ወራት ወሎ በረሃብ ይቀጣ ነበር። ለአውሮፕላን ደጅ በተጠናበት ዓመት በመንገድ ዳር የወደቀው ገበሬ በየትኛው መዝገብ ላይ ይጻፋል? የመከላከያን ወጪ የሚመዝን ሁሉ ይህን ጥያቄ በሚዛኑ ላይ ካላስቀመጠ ሚዛኑ አባይ ሚዛን ነው።

ቀጥሎ ስጦታው እየቀነሰ፣ ግዢው እየበዛ መጣ። ኤፍ-5ኢ የተባለችው የተሻሻለችው ዓይነት ታዘዘች፤ ከታዘዙት ውስጥ 8 ደረሱ። አብዮቱ ፈንድቶ፣ ደም ፈስሶ፣ የካርተር መንግሥት በየካቲት 1969 ዓ.ም. ርዳታውን ቀነሰ። በሚያዝያ ደርግ የቃኘውን ጣቢያ ዘጋ፤ አሜሪካም የቀሩትን አውሮፕላኖችና መለዋወጫውን ያዘች። ጦርነቱ ሊጀመር የቀሩት ሦስት ወራት ብቻ ነበሩ። አውሮፕላን የሚሸጥ አገር ብረቱን ይሰጣል እንጂ ቁልፉን አይለቅም።

ወተቷ የምትታይ ላም

ድሬዳዋ ራሷ የወጪ ስሌት ልጅ ናት። የጅቡቲው ባቡር በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራውን መውጣት ገንዘብ ስለሚበላ ሐዲዱ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ "አዲስ ሐረር" የተባለች ጣቢያ በደቻቱ አሸዋ ዳር ተተከለች። ዛሬ ከዚራና መጋላ የምንለው ሁሉ የበቀለው ከዚያ ሒሳብ ነው።

አየር ኃይሉም የራሱ ሒሳብ ነበረው። ከቢሾፍቱ እስከ ጅጅጋ በአየር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከድሬዳዋ እስከ ጅጅጋ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ኤፍ-5ኢ በሆዷ የምትይዘው ነዳጅ 2,500 ሊትር ገደማ ነው። ከቢሾፍቱ ብትነሣ ከነዳጇ ብዙው በመንገድ ያልቅና በውጊያው ቦታ የምትቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከድሬዳዋ ብትነሣ ግን ያ ነዳጅ ለውጊያ ይተርፋል፤ በአንድ ቀንም ደጋግማ ትነሣለች። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። ዝቅ ባለ ቦታ አየሩ ይወፍርና አውሮፕላን በቀላሉ ይነሣል። የድሬዳዋ የቀትር ሐሩር አየሩን እያሳሳ ከዚህ ጥቅም ጥቂቱን ይወስደዋል እንጂ። በአጭሩ ሌሎች በሰማይ የሚያልቡትን ወተት እኛ በሐሩር ምድር ላይ እናልብ ነበር።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን በኩል ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሰኔ የባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው ከጅቡቲ የሚመጣው መስመር ተቆርጦ ነበር። አጥቂው የድሬዳዋን ዋጋ ከእኛ እኩል ያውቅ ነበር። ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. ከተማይቱ በታንክና በሮኬት ተጠቃች። ወራሪው የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ወዳሉበት ሠፈር ዘልቆ ገባ፤ የአየር ጣቢያውን ለጊዜው ከሥራ ውጪ አደረገ፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎችን አጋየ። ልብ በሉ፤ የላሟን ጡት ነበር የፈለገው። ወታደሩ፣ ሚሊሻውና የከተማው ሕዝብ ግን አልለቀቁም፤ ጥቃቱ ተመከተ፤ አውሮፕላኖቹም ከዚያው ሜዳ እንደገና ተነሡ።

ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደቀች፤ ሐረር ተከበበች። ድሬዳዋ ግን ቆመች። በእነዚያ ወራት በቁጥር ያነሰው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሰማዩን ያዘ። ለገሠ ተፈራን የመሰሉ የኤፍ-5 አብራሪዎች የሶማሊያን ሚጎች በአየር ላይ ውጊያ ጣሉ። ለገሠ በኋላ ተመትቶ ተማርኮ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ያህል ቆየ። ይህም ወጪ ነው፤ የአንድ ሰው የጎልማሳነት ዕድሜ በየትኛውም ምንዛሪ አይመነዘርም። ሶቪየቶች ከኅዳር 1970 ጀምሮ በግዙፍ አውሮፕላኖች መሣሪያ አጓጓዙ፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች። ድሬዳዋ በነሐሴ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዕርዳታ ሲመጣ ምሥራቁን የሚይዝበት እጀታ ባላገኘ ነበር።

ሚዛኑ

እንግዲህ እንመዝን። ለሰማይ ላም የሚቆም ጠበቃ እንዲህ ይላል፦ የምድር ላም ታስራ የምትታለብ ናት፤ ጠላት የት እንዳለች ያውቃል፤ ነሐሴ 11 የታየውም ይኸው ነው። በሰማይ ያለችው ትሸሻለች፣ ትሰወራለች፣ ዛሬ በምሥራቅ ነገ በምዕራብ ትውላለች። አገሪቱ ሰፊ ናት፤ ጠረፉም ረጅም ነው። ይህ ክርክር ከንቱ አይደለም። ከሩቅ አገር ለሚዋጋ ወይም ዳርቻው እጅግ ለሚሰፋ ኃይል የሰማይ ላም የቅንጦት ዕቃ አይደለችም።

ግን ያቺም ላም የምትጋጠው ምድር ላይ ነው። ነዳጇን የምትሞላው ከአየር ጣቢያ ነው፤ ጣቢያው ከቦቴ መኪና፣ ቦቴው ከወደብ፣ ወደቡም ከውጭ ምንዛሪ። ባሕር በር የሌላት፣ ነዳጇን በጅቡቲ መንገድና ሐዲድ የምታስገባ አገር የሰማይ ላም ብትገዛ፣ በዚያው በሚጠበው ሰንሰለት ጫፍ ላይ አንድ ተጨማሪ ትልቅ አፍ መጨመሯ ነው። ሰንሰለቱ ከተቆረጠ ላሟም ጥጃዋም አብረው ይራባሉ።

ሁለተኛው ነገር ዕዳ ነው። የ1970ው ድል በገንዘብ ቢተመን የሶቪየት ማጓጓዣ ብቻ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተከማቸው የመሣሪያ ዕዳ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሆነ፤ ሩሲያ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አብዛኛውን ሰረዘችልን። በባንክ ቤት ቋንቋ የተሰረዘ ዕዳ ጠፋ አይባልም፤ አበዳሪው ኪሳራውን በስሙ ጻፈው ማለት ነው። የተበዳሪው ድርሻ ደግሞ አስቀድሞ በሌላ መንገድ ተከፍሏል፤ ባልተሠራ ትምህርት ቤት፣ ባልተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከቤቱ ወጥቶ ባልተመለሰ ወጣት።

ሦስተኛው ነገር እጅ ነው። በ1969 ሰማዩን ያስያዘው የኤፍ-5ኢ ብረት ብቻ አልነበረም፤ ለዓመታት የሠለጠነው አብራሪና መለዋወጫ ሲቋረጥበት ካለው ላይ እየፈታ የሚገጥመው ቴክኒሽያን ነበር። በቢሾፍቱ በሶቪየት ጊዜ የተቋቋመው ደጀን አቪዬሽን የተባለው የጥገና ድርጅት ዋጋው ከዚህ ይመነጫል። አሮጌ አውሮፕላን በገዛ እጁ ማደስ የቻለ አገር ከሻጩ ቁልፍ ጥቂቱን ተካፈለ ማለት ነው። አዲስ አውሮፕላን ገዝቶ ብሎኑን ለማጥበቅ እንግዳ የሚጠራ አገር ግን አውሮፕላኗን ሳይሆን ቀጠሮዋን ነው የገዛው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሱ-30 የተባሉ ተዋጊዎች መረከቡን በቢሾፍቱ ይፋ አደረገ። ሱ-30 በአፍንጫዋ አጠገብ የምትዘረጋ ነዳጅ መቀበያ ቧንቧ አላት። አፍ አላት፤ የምታጠባት ላም ግን በአገሩ ሰማይ የለችም። ይህን ያየ ሰው "እንግዲያ ላሟስ መቼ ትገዛለች?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔ ጥያቄውን አላጣጥልም፤ ቅደም ተከተሉን ግን እጠይቃለሁ። የነዳጅ ማጠራቀሚያው በአንድ ምሽት እንዳይጋይ ተከፋፍሎ ተቀምጧል ወይ? መንገዱና ሐዲዱ አስተማማኝ ነው ወይ? ቴክኒሽያኑ በደመወዙ ልጆቹን ያሳድጋል ወይ? በማረፊያው አጥር ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ጣቢያውን የእኔ ይለዋል ወይ? ነሐሴ 11 ከተማይቱ ያልወደቀችው ለመጨረሻው ጥያቄ መልሷ "አዎን" ስለነበረ ይመስለኛል፤ ይህን መልስ ደግሞ በጨረታ የሚያቀርብ ኩባንያ የለም።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ለሥራና ለዘመድ ጥየቃ የምንመላለስ ሰዎች፣ ያ አስፋልት አንድ ወቅት የአገር ጡት እንደነበረ የምናስታውሰው ስንቶቻችን ነን? የሰማይ ላሟን ዋጋ የሚያሰሉ ሊቃውንት ሲያሰሉ፣ ይህች የምድር ላም በየትኛው ዓምድ እንደተጻፈች ቢያዩልን መልካም ነው።

ስንኝ የሚሞክር ሰው ከሒሳብ በኋላም ዝም አይልምና፣ በጥቂት መስመር ልሰናበት፦

ሰማይ ሰማይ ሳየው፣ ደመናው ነጣብኝ፤
የወተት መስሎኛል፣ ላልበው ብል ራቀብኝ።
ቁልቁል ባይ ድሬ ናት፣ አሸዋዋን ለብሳ፣
ስንቱን ያጠገበች፣ የራሷን ጥም ታግሳ።
ያጠባችን እናት፣ ሳንጠራት ብንቀርም፣
ወተቷ ደሟ ነው፣ ከቶ አይረሳንም።

ቸር እንሰንብት።